29 ዓመት በቀይ ባሕር

መርሳን ሰንጥቆ የሚያልፈውን አስፋልት ወደ ሰሜን ቢከተሉት ወልድያን፣ አላማጣን፣ ማይጨውን፣ መቀሌንና ዓዲግራትን አልፎ አስመራ ያደርሳል። ከአስመራ ተራራውን እየተጠማዘዘ ይወርድና ምጽዋ ላይ ባሕሩ ያቆመዋል። መርሳ ላለችበት ለሀብሩ ወረዳ ሰው ባሕር ሩቅ ነገር ነው፤ መንገዱ ግን ከደጃችን ነበር የሚያልፈው። በንጉሡ ዘመን ከሸዋም ሆነ ከወሎ በመኪና ተሳፍሮ ወደ አስመራው የባሕር ኃይል ኮሌጅ በዚህ መንገድ የሚጓዝ ወጣት ብዙውን ጊዜ መርሳን ረግጦ ነበር የሚሄደው። መንገዱ ጫፍ ላይ የምትጠብቀው ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር፤ የጎኗ ቁጥር ኤ 01።

ስለዚህች መርከብ ሲነሳ ጨዋታው ቶሎ ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳል፤ ካልሆነም ወደ ጦርነቱ ወይም ስለ ወደብ ወዳለን ቁጭት። ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። እኔ ግን መርከቢቱን ራሷን ማየት እፈልጋለሁ፤ እንዴት እንደተሠራች፣ ምን ስትሠራ እንደኖረች፣ በማን እጅ ይህን ያህል ዕድሜ እንዳገኘች። የመርከብ መዝገብ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚያዝ የእሷን ዕድሜ በዚያው እቆጥራለሁ፤ የእኛን አገር ነገር በእኛው።

የተወለደችው ባሕር ላይ አይደለም። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከሲያትል ከተማ አጠገብ፣ ዋሽንግተን የሚባል ጨው የሌለበት ሐይቅ አለ። ሐይቁ ዳር፣ ሆውተን በምትባል ሰፈር የነበረው ሌክ ዋሽንግተን ሺፕያርድስ ነው የሠራት። ይህ መሥሪያ ቤት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሰውና መኪና የሚያሻግሩ ጀልባዎች ሲሠራና ሲያድስ የኖረ ነው። በ1935 ካላካላ የተባለችውን ዝነኛ ማሻገሪያ መርከብ ያወጣው እሱ ነበር። ካላካላ ቆርቆሮዋ በሪቬት ተቀጥቅጦ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ተበይዶ የተገጣጠመ በመሆኑ በዘመኑ ብዙ ተወርቶላታል። እንግዲህ ብየዳ የለመደ እጅ ነው ወደ ጦር መርከብ ሥራ የተሻገረው።

ጁላይ 13 ቀን 1942 የቀፎዋ አከርካሪ ተዘረጋ፤ ኦክቶበር 4 ቀን ወደ ሐይቁ ተለቀቀች። በመካከሉ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ወደ አገልግሎት የገባችው ግን ጃንዋሪ 23 ቀን 1944 ነው። ቀፎ ማለት ገና ቤቱ ተገድግዶ ጣራ ሳይመታ ማለት ነው፤ ሽቦው፣ ቧንቧው፣ ፓምፑ፣ የሞተሩ አልጋ፣ የመድፉ መቀመጫ፣ የነዳጁ ጋን ሁሉ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በዓይን የማይታየው ሥራ የሚታየውን አምስት እጥፍ ጊዜ ወሰደ። ስሟ ኦርካ ተባለ፤ አላስካ ካለ ባሕረ ሰላጤ የተወሰደ ስም ነው።

ኦርካ ባርኔጋት ከሚባሉት መርከቦች አንዷ ነበረች። እንደሷ ያሉ 35 ተሠርተዋል። የአብዛኞቹ ሥራ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መቀለብ ነው። አየር ማረፊያ በሌለበት ደሴት ጥግ መልህቋን ትጥላለች፤ አውሮፕላኖቹ ዙሪያዋን ውሃ ላይ ያርፋሉ፤ እሷ ነዳጅ ታጠጣለች፣ ቦምብ ታስጭናለች፣ የተበላሸውን በክሬን አንስታ ታስጠግናለች፣ አብራሪዎቹን ታበላለች፣ ታስተኛለች። የአየር ምድብ ተንሳፍፎ ሲሄድ ማለት ነው።

ፎቶዋን ያየ ብዙ ሰው ዲስትሮየር የሚባለው ፈጣን የጦር መርከብ ትመስለዋለች፤ ከፊት ለፊቷ ያለው መድፍ ደግሞ ጥርጣሬውን ያጠናክርለታል። መድፉ በእርግጥም የዲስትሮየር ነው። 127 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ያለው፣ አብዛኞቹ አዳዲስ የአሜሪካ ዲስትሮየሮች ጦርነቱን ያለፉበት መድፍ። አንዱ ጥይት ወደ 25 ኪሎ ይመዝናል፤ ባሩዱ ለብቻ፣ አረሩ ለብቻ ከተቀመጡበት ይነሳሉ፤ መድፉ ወደ ሰማይ በተቃጣበትም ጊዜ የሚገፋ መሣሪያ አስተካክሎ ያጎርሳቸዋል። የሠለጠነ ቡድን በደቂቃ 15 ጊዜ ይተኩሳል። የትኛውም የጭነት ሠራተኛ 25 ኪሎ በየአራት ሰከንዱ ማንሳት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከመድፉ ወዲያ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። በዚያው ዘመን የነበረውን የፍሌቸር ዲስትሮየር እንይ፦ ርዝመቱ ወደ 115 ሜትር፣ ወርዱ 12፣ ሞተሩ 60,000 የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነቱ 36 ኖት። ኦርካ ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር፣ ወርዷ 12 ሜትር ተኩል፣ ጉልበቷ 6,080፣ ፍጥነቷ 18 ኖት ገደማ። በጉልበት አንድ አሥረኛ ሆና በፍጥነት ግማሽ ደርሳለች። ውሃ እንዲህ ነው፤ ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ ጉልበትን ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። የኦርካ ነዳፊዎች ይህን አውቀው የፍጥነቱን ስስት ተዉት። በምትኩ ያገኙት ቦታ ነው፦ ለነዳጅ፣ ለመኝታ፣ ለመጠገኛ ክፍል። የረጋ አካሄድና ረጅም ጉዞ የሚችል ሆድም አገኙ። ጥሩ ሠሪ የሚታወቀው በሚተወው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ እነዚህ ሰዎች የተዉት ነገር በትክክል መተው ያለበት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ 18 እህቶቿን ወስዶ ውቅያኖስ መሐል ለሳምንታት እየተፈራረቁ የአየር ጠባይ የሚለኩ መርከቦች አደረጋቸው። ወጀብ ችለው፣ ሰው ተመችቶት የሚኖርባቸው ስለሆኑ ነው የመረጣቸው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ጥልቀቷ ነው። ሙሉ ጭነት ይዛ ወደ 2,800 ቶን የምትመዝን መርከብ ውሃ ውስጥ የምትሰምጠው ወደ 4 ሜትር ብቻ ነው። ይህ የሆነው በድንገት አይደለም፤ ገና ስትነደፍ ትላልቅ መርከቦች የማይገቡበት የደሴት ጓሮ እንድትገባ ተብሎ ነው። ወደብ ያልተሠራለት፣ ካርታው እንኳ በደንብ ያልተነሳ ጠረፍ ላይ ተጠግታ መሥራት ነበረባት። ለፓስፊክ ደሴቶች የተቆረጠው ይህ ልክ ከሃያ ዓመት በኋላ ከምጽዋ ፊት ለፊት ላሉት ለዳህላክ ደሴቶች፣ ለኮራል ድንጋይና ጥልቀት ለሌለው ውሃ ምድር፣ እንዴት እንደገጠመ ሳስብ ይገርመኛል።

የጦርነት ሥራዋን በአንድ ቀን ማሳየት ይቻላል። ዲሴምበር 3 ቀን 1944 ሌሊት፣ ፊሊፒንስ ውስጥ ኦርሞክ በሚባል ባሕረ ሰላጤ፣ ኩፐር የተባለች የአሜሪካ ዲስትሮየር በጃፓን ቶርፔዶ ተመታች። ወዲያው ለሁለት ተሰንጥቃ ሰጠመች፤ 191 ሰው ሞተ። የተረፉት በጠላት ጠረፍ አጠገብ ውሃ ላይ ተበትነው አደሩ። ከሰዓታት በኋላ ኦርካ የምትቀልባቸው ካታሊና አውሮፕላኖች መጡና ባሕሩ ላይ አረፉ። አንዱ 56 ሰው ጫነ፤ ሌላው 48። ካታሊና ስምንት ያህል ሠራተኛ ይዛ የምትበር አውሮፕላን ናት። 56 ሰው ተደራርቦባት ከውሃ ለመነሳት የፈጀባትን ርቀት መገመት ነው። አብራሪው ጎበዝ ነው፤ ግን ያ አውሮፕላን ያን ዕለት ሞተሩ ያለ እንከን እንዲሠራ፣ ነዳጁ ውሃ ሳይቀላቀልበት እንዲገባ፣ ቀፎው ሳያፈስ እንዲቆይ ያደረገ ሰው ደግሞ ኦርካ ላይ ነበር።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1946 ቢኪኒ ደሴት ላይ ለተደረገው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ከረዱት መርከቦች መካከል ነበረች። በ1947 መጨረሻ ከአገልግሎት ወጣች፤ የኮርያ ጦርነት ሲመጣ በ1951 ተመለሰች፤ በማርች 1960 እንደገና ወጣች። ሁሉም ተደምሮ ለአሜሪካ የሠራችው 12 ዓመት ያህል ነው።

አሁን ወደ ሞተሯ ልውረድ። የባርኔጋት መርከቦች የሚነዱት በፌርባንክስ ሞርስ ናፍጣ ሞተር ነበር። አሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦቿንም የነዳችበት ሞተር ነው። ለአንድ የወልድያ ወይም የመርሳ ጋራዥ ሰው ስለዚህ ሞተር ቢነግሩት መጀመሪያ አያምንም፤ የሲሊንደሩ ክዳን የሚሆን ቴስታታ የለውም። ቫልቭም የለውም። በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተን አለ፤ አንዱ ከላይ ወደ ታች፣ አንዱ ከታች ወደ ላይ ይመጣሉ፤ መሐል ላይ ሊገናኙ ሲሉ ናፍጣው ይረጫል፣ ይቀጣጠላል፣ ሁለቱንም ወደ ኋላ ይወረውራቸዋል። ስለዚህ ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ኮሎም ሁለት ነው፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች፤ ሁለቱን የሚያያይዝ ቀጥ ያለ ዘንግ አለ። አየር የሚገባውና ጭስ የሚወጣው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ በተቆረጡ ቀዳዳዎች ነው፤ ፒስተኖቹ ራሳቸው ሲያልፉ ይከፍቷቸዋል፣ ይዘጓቸዋል።

እዚህ ላይ ነው የሠሪው ብልሃት። የታችኛው ኮሎ ከላይኛው በ12 ዲግሪ ይቀድማል። ለምን? የታችኛው ፒስተን የሚከፍተው የጭሱን ቀዳዳ ነው። ትንሽ ከቀደመ ጭሱ ቀድሞ መውጣት ይጀምራል፤ ከዚያ ነው የላይኛው ንጹሑን አየር የሚያስገባው። አየሩ ከላይ ገብቶ ጭሱን ወደ ታች ጠርጎ ያወጣዋል፤ ጭሱም አየሩን አይበክለውም። በመቅደሙ የተነሳ የታችኛው ኮሎ ከጉልበቱ አብዛኛውን ይሸከማል፤ የላይኛው ቀለል ይላል። አሥራ ሁለት ዲግሪ ማለት የሰዓት ሁለት ደቂቃ ስፋት ነው። በዚያች ስንጥቅ ውስጥ የአንድ ሞተር ሙሉ ባሕርይ ተቀምጧል።

ቴስታታ ስለሌለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ የሚባል ጣጣ የለም። ቫልቭ ስለሌለው ቫልቭ ማስተካከል የለም። ነገር ግን ሲሊንደር መቀየር የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ የላይኛውን ኮሎ ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ማንሳት ግድ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ያን ያህል ብረት ያለ ጭረት አንስቶ፣ ያለ ጭረት መልሶ፣ 12 ዲግሪዋን ሳያዛንፉ ማሰር የእጅ ጥበብ ነው። ለጀማሪ ባሕር ኃይል ይህ ሞተር ከእንፋሎት የተሻለ ነበር ብዬ አስባለሁ። የዲስትሮየር የእንፋሎት ምድጃ ፍጹም የተጣራ ውሃ ይፈልጋል፤ ቸል ካሉት ሰው ይገድላል። ናፍጣ ግን ኢትዮጵያዊ ሹፌርና መካኒክ ያኔም የሚያውቀው ነገር ነበር።

በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል አገሪቱ የባሕር ጠረፍ አገኘች፤ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ባሕር ኃይል ተጀመረ። የመኮንኖቹ ኮሌጅ አስመራ፣ ሰፈሩ ምጽዋ። ከአስተማሪዎቹ መካከል ኖርዌጂያኖች ነበሩ፤ መርከብ ከሕፃንነቱ የሚያውቅ ሕዝብ። ኖርዌይ ራሷ ከባርኔጋት መርከቦች አንዱን ወስዳ ሆኮን 7ኛ በሚል ስም ካዴቶቿን የምታሠለጥንበት መርከብ አድርጋዋለች። ሁለት አገሮች፣ አንዱ ከበረዶ ጫፍ፣ አንዱ ከሙቀት ጫፍ፣ ወጣቶቻቸውን በአንድ ዓይነት መርከብ ነበር ባሕር ያስተማሩት።

ኦርካ በጥር 1954 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተዛወረችና «ኢትዮጵያ» ተባለች። የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የካዴቶች ማሠልጠኛ ሆነች። ለዚህም ሰፊ ሆዷ ጠቀማት፤ የአውሮፕላን ሠራተኞች ይተኙበት የነበረው ቦታ ተማሪ ይይዛል። የዲስትሮየር ጠባብ ቀፎ ይህን አይፈቅድም ነበር። ሌሎቹ የባሕር ኃይሉ ጀልባዎች 30 ሜትር ያህል የሚረዝሙ የጠረፍ ጠባቂዎች ነበሩና ምጽዋ ላይ ከአጠገቧ ሲቆሙ ጎልታ ትታያለች። በየዓመቱ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ሲመጡ፣ ከእነሱ ጎን የምትሰለፈው እሷ ናት። ከንግግሩና ከሰልፉ በፊት ባሉት ሳምንታት ግን የነበረውን ሥራ ላሳይ።

ቀይ ባሕር ከዓለም ባሕሮች እጅግ ጨዋማ ከሚባሉት ነው። ተራው ውቅያኖስ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ እሱ 40 ይደርሳል። በሞቃቱ ወራት ውሃው ራሱ ከ30 ዲግሪ ይበልጣል። ብረት ለሚበላ ዝገት ከዚህ የተመቸ አገር አይገኝም። ዝገት ደግሞ በሰፊው ግድግዳ አይጀምርም። የሚጀምረው በጠርዝ፣ በብየዳ መስመር፣ በቡሎን ራስ ሥር፣ ውሃ በሚፈስበት ቀዳዳ አፍ ላይ ነው። ምክንያቱ ቀለሙ ነው፤ ቀለም ሲደርቅ ከስለታም ጠርዝ ይሸሻል፣ እዚያ ላይ ይሳሳል። ስለዚህ ሥራ የሚያውቅ ባሕረተኛ ሰፊውን ከመቀባቱ በፊት ትንሿን ብሩሽ ይዞ ጠርዙን ሁሉ፣ ብየዳውን ሁሉ፣ የቡሎኑን ዙሪያ ሁሉ ለብቻ ይቀባል። ሲደርቅ ሙሉውን ይደግማል። ከሩቅ ሲታይ ሁለቱ ሥራ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው።

ከቀለሙ በፊት ደግሞ መዶሻ አለ። ያበጠውን ዝገት በሾለ መዶሻ ቀጥቅጦ ማራገፍ፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ መፈግፈግ፣ ጨዉን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ውሃው ከመድረቁ በፊት መወልወል። ጨው ያለበት ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ከሥር ይፈላል። ምጽዋ ላይ በቀን ብረቱ እጅ ያቃጥላል፤ በጋለ ብረት ላይ የተቀባ ቀለምም ቶሎ ደርቆ አይይዝም፤ ስለዚህ ማለዳው ነው የሥራ ሰዓቱ። 95 ሜትር መርከብ በዚህ ዓይነት ተዙሮ አንድ ጫፍ ሲደረስ ሌላው ጫፍ ጀምሯል።

ውስጥም እንደዚሁ ነው። የሞተሩን ሙቀት የሚወስደው በመጨረሻ የባሕር ውሃ ነው፤ ውሃው ራሱ ሲሞቅ ማቀዝቀዣው አቅም ያጣል። ቀጫጭን ቱቦዎቹ በጨውና በባሕር ነፍሳት ከተደፈኑ ሞተሩ ይግላል። ጨዋማ ውሃ ብረቱን እንዳይበላ የዚንክ ቁራጭ ይታሰርለታል፤ ጨው ዚንኩን ይበላል፤ ሲያልቅ ሌላ ይታሰራል። የሞተር ክፍል ሠራተኛ ይህን ሁሉ በጆሮ፣ በእጅ መዳፍና በሙቀት መለኪያ እየተከታተለ ይጽፋል፤ በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀንም። ደጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህን ሥራ መልመዱ ብቻ ሳይሆን የራሱ ማድረጉ፣ እኔ ካየሁት የኢትዮጵያ የእጅ ሥራ ታሪክ ሁሉ በጣም የተረሳው ክፍል ነው።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት የንጉሡ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከገደላቸው ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የአሜሪካን ወታደራዊ ተልእኮ ከአገር አስወጣ፤ የአሜሪካ የጦር ዕርዳታም ቆመ። ፊታችን ወደ ሶቪየት ዞረ፤ የሚሳኤል ጀልባዎች መጡ፣ በ1970ዎቹም አጋማሽ ፔትያ የሚባሉ ሁለት ፍሪጌቶች ተጨመሩ። እነሱ ከ«ኢትዮጵያ» ይልቅ ፈጣንና በጦር መሣሪያ የበረቱ ናቸው።

«ኢትዮጵያ» ግን አሜሪካዊ ሞተሯን እንደያዘች ቀረች። ከሠሪዋ አገር ጋር ከተቆራረጥን በኋላ 14 ዓመት ኖራለች። መርከብን በመለዋወጫ ማቆየት አንድ ነገር ነው፤ ያለ አቅራቢ ማቆየት ሌላ። ቢሮው ጠይቆ የሚያመጣው ዕቃ ሲጠፋ ሸክሙ የሚወድቀው ቶርኖ ላይ በቆመው ሰው፣ ያረጀውን ተመልክቶ «ይህ ገና ይሠራል» ወይም «ይህ አይሠራም» ብሎ በሚፈርደው ዓይን ላይ ነው።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ገባች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲፈርስ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ከሸሹት መርከቦች መካከል ነበረች። ወደ አገልግሎት ከገባች ያኔ 47 ዓመቷ ነበር። በ1993 በፈረንጅ አቆጣጠር ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

እህቶቿን ስናይ ቁጥሩ ይበልጥ ይናገራል። አሜሪካ ውስጥ ከባርኔጋት መርከቦች የመጨረሻ ሆና ያገለገለችው ዩኒማክ በ1988 ከሥራ ወጣች። ጣሊያን ወስዳ ፒዬትሮ ካቬሳሌ ያለቻት እስከ 1993 ቆይታለች። የእኛዋ ከእነዚህ ጋር እኩል ነው የሄደችው፤ ከትውልድ አገሯ 12 ዓመት፣ ከእኛ 29። ከ35ቱ መርከቦች መጨረሻ ከቀሩት ጋር መሰለፏን ሳስብ ከሆውተን በያጆች ይልቅ የምጽዋ ባሕረተኞች ፊቴ ላይ ይመጣሉ።

በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና እንዲቋቋም ተወሰነ፤ መቀመጫውም ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር እንደሚሆን ተነገረ። አዲሶቹ ባሕረተኞች በጣፋጭ ውሃ ላይ ነው የሚጀምሩት። ጣና ዝገቱ የዘገየ ነው፤ ቀይ ባሕር አያዘገይም። በዚያች መርከብ ሞተር ክፍልና መድረክ ላይ የሠሩ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። አዲሱ ማሠልጠኛ ጠርቶ ብሩሽና መዶሻ ቢያስይዛቸው፣ ጠርዙን ቀድሞ መቀባት፣ ጨዉን ቀድሞ ማጠብ፣ የሞተርን ድምፅ በሌሊት መለየት የሚያስተምር ሰው በገዛ አገሩ ያገኛል።